ትንሹን ሳህን ምን ብዬ ልጥራው?

የሽምብጥ ጓዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ። በጥቅምት የምከፍታት ምግብ ቤት አለችኝ፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ አንድ የጁስ መፍጫ። ምግቡ አያሳስበኝም። በሰው ቤት ተቀጥሬ ሽሮና ዓሣ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ እጄ ያውቀዋል። ያቆመኝ የሜኑው ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን እስከ ቅዳሜ አምጪ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ የመጠኑ ስም ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ።

ሽሮን በሦስት መጠን ለመሸጥ ነው ሐሳቤ። አንዱ ብቻውን ለመጣና ብዙ ለማይበላ፣ ወይ ኪሱ ለሳሳ ሰው። አንዱ እንደ ወትሮው ለሚበላ። አንዱ ተሰብስበው ለመጡ። መጥራት ያቃተኝ የመጀመሪያውን ነው።

ለምን እንደከበደኝ ልንገራችሁ። በፊት የምሠራበት ቤት ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ነበር። ተማሪው ይገባና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አስተናጋጇ ስትመጣ ጠጋ እንድትልለት በእጁ ምልክት ያሳያታል። ጎንበስ ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግማሽ ይቻላል?» ይላታል። ይቻላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ኩሽናው ዞራ «አንድ ግማሽ!» ብላ ትጣራለች፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ልጁ አንገቱን ሲደፋ በኩሽናው መስኮት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ቀን አንዱ ምግቡ ሳይደርስ ተነሥቶ ወጣ። ሽሮው እየተንተከተከ በእጄ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጅቷም አላጠፋችም፤ ሥራዋ መጣራት ነው፣ የተሰጣት ቃል ደግሞ «ግማሽ» ነው።

ስለዚህ በእኔ ቤት «ግማሽ» የሚባል ቃል አይጠራም ብያለሁ። ታዲያ በምን ልተካው?

«ኖርማል»ና «ስፔሻል» የሚሉ አሉ። ስፔሻል ግን ምን እንደሆነ አይናገርም። አንዱ ቤት ቅቤ ነው፣ አንዱ ቤት ሥጋ ጣል የተደረገበት ነው፣ አንዱ ቤት ሳህኑ ሰፋ ያለ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ቤት ወስጄ ስፔሻል አዘዝኩላት፤ የዋጋው ልዩነት ቀላል አልነበረም። የመጣው የሌላው ሰው ሳህን ራሱ ነው፣ ከላይ የተቀቀለ እንቁላል ግማሽ ተቀምጦበት። እናቴ «ልዩው የቱ ነው ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ሃፍ»ና «ፉል» ደግሞ ቁርስ ላይ ባቄላው ፉል ላለበት ቤት አይሆንም። «አንድ ፉል!» ሲባል ባቄላውን ልጨልፍ ወይስ ሙሉ ሽሮ ላውጣ? ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያበላሸሁት ትእዛዝ ብዙ ነው። «ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ» ብዬ ብጽፍ ደግሞ ከዘጌ በጀልባ ቡናና ሎሚ ይዘው የሚመጡት እናቶች ምን ብለው ያዙኛል?

እኔ ያሰብኩት ከእንጀራው ነው። ትንሹን «ኩርማን»፣ መካከለኛውን «ሙሉ»፣ ትልቁን «መሶብ»። ለጁሱ «ብርጭቆ»ና «ጃምቦ»። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። ዓሣውንም በዚሁ ስም ልጠራው አስቤያለሁ።

ጌሾ ወቃጭ፦

ልጄ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው። ኩርማንን ግን ተዪው።

ኩርማን የእንጀራ ሩብ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቃሉ ከሰው አፍ የሚወጣው መቼ እንደሆነ ግን አስቢ። «ለኩርማን እንጀራ ብዬ የሰው ፊት አያለሁ» ሲባል ነው። «ኩርማን እንኳ አልሰጠኝም» ሲባል ነው። ልጁን ከግማሽ አድናለሁ ብለሽ ወደ ሩብ አወረድሽው። ደግሞ ያቺ ልጅ «አንድ ኩርማን!» ብላ ስትጣራ አስቢው።

እኔ ያደግሁት እንጀራ በሚጋገርበት፣ ጠላ በሚሸጥበት ቤት ነው። እናቴ ጋግራ ልትጨርስ ስትል፣ ሊጡ ከቡሃቃው ሥር ሲቀር፣ የመጨረሻዋን ከምጣዱ መሃል ጠብ ታደርጋታለች። እንጎቻ። ገና ስትወጣ በርበሬና ዘይት ቀባ ታደርግባትና «ነይ ያንቺ ናት» ትለኛለች። መዳፌን እያቃጠለችኝ ነው የምበላት። ትንሽ ናት፤ ግን እንጎቻ አነሰችኝ ብሎ ያለቀሰ ልጅ አላየሁም። ያለቀሰ ካለ ለወንድሙ ተሰጥታበት ነው። ከትልቅ እንጀራ ላይ ተቆርሳ የመጣች አይደለችማ! ዙሪያዋ ሙሉ ነው፣ ዓይኗም አለ፣ ስትጋገር ጀምሮ ላንተ ተብላ ነው። ትንሹን እንጎቻ በዪው።

ሁለተኛ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህ ከጠላው ቤት የተማርኩት ነው። እናቴ የምትሸጠው በጣሳ ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አፉ ተጠርዞ፣ ጆሮ ተበይዶለት። በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ካለች ጠላ አለ ማለት ነው፤ ጽሑፍ አያስፈልግም። ስሙም ልኩም ዕቃው ነው። በኋላ በሰፈሩ ቆርቆሮው እየዛገ ሲያስቸግር አንዳንዱ ቤት ወደ ፕላስቲክ ኩባያ ዞረ፤ ኩባያው ግን ያነሰ ነው። ስሙ ግን ያው «ጣሳ»፣ ዋጋውም ያው። ጠጪው ምን አደረገ? አልተጣላም። ዝም ብሎ ጠጥቶ፣ ከፍሎ፣ በማግስቱ እኛ ቤት መጣ። እናቴ ጉሹን ጉሽ፣ ቅራሪውን ቅራሪ ብላ ነበር የምትሸጠው፤ ቅራሪ በቅራሪ ዋጋ። ሰው ቀጭን ጠላ ጠጣሁ ብሎ አይቆጣም፤ የሚያስቆጣው ቀጭኑን በወፍራሙ ስም መጠጣት ነው።

ስለዚህ እንጎቻ ካልሽ ዓመቱን ሙሉ ያቺው ሳህን ትሁን። ጤፍ ሲወደድ ዋጋውን ጨምሪ እንጂ ሳህኑን አትቀይሪ።

የሽምብጥ ጓዳ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነትዎን ነው። «ለኩርማን እንጀራ» የሚለውን እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ስጽፈው ግን አልታወሰኝም። የእኔም እናት እንጎቻ ትጋግርልን ነበር፤ በርበሬ ሳይሆን ተልባ ነበር የምትቀባው።

ጡረታ የወጣሁ አስተናጋጅ፦

እህቴ፣ 31 ዓመት ትሪ ተሸክሜያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው እዚሁ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ነው። ከአስተናጋጅ በኩል ላየው።

ስም ስታወጪ መጀመሪያ ጮክ ብለሽ ጥሪው። ወረቀት ላይ ያማረ ቃል፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ዘይት እየተንጨረጨረ፣ ሰው እያወራ ኩሽና ካልደረሰ ስም አይደለም። እንጎቻ ይደርሳል፤ መጨረሻው ላይ «ቻ» አለው፣ ከሌላ ምግብ ጋር አይምታታም። «ሙሉ» ግን ችግር አለበት። ሙሉ በያይነቱ አለ፣ ሙሉ ዓሣ አለ። «አንድ ሙሉ!» ሲባል የምን ሙሉ? የእኔ ምክር፣ መካከለኛውን ስም አታውጪለት። ሽሮ ያለ ሰው ሽሮ ነው ያለው። ሰው ስም የሚያስፈልገው ከወትሮው ሲወጣ ነው፤ ሲያንስ ወይ ሲበዛ።

መሶብ ካልሽ ደግሞ መሶብ አምጪ። በብረት ትሪ አቅርበሽ መሶብ ብትዪው ሰው ቅር ይለዋል፤ ዓይኑ ጠብቆ ነበር። «አገልግል» ብለሽም እንዳትቀይሪው፤ አገልግል ተብሎ ድብልቅ ምግብ የሚቀርብበት ቤት ስላለ ያምታታብሻል።

ስለ ጃምቦው። ጃምቦ በየቤቱ ይለያያል። ብርጭቆው ወፍራም ከሆነ ከውጭ ትልቅ ሆኖ ውስጡ ትንሽ ነው። ጠርሙስ ቢራ ያልተጨቃጨቅንበት ለምንድን ነው? 330 ሚሊ ሊትር ብሎ በራሱ ላይ ስለተጻፈ ነው። ጁስሽንም በውኃ ለክተሽ ቁጥሩን ከስሙ ጎን አስቀምጪ። ስፕሪስ ከሆነ ደግሞ የአቮካዶው ድርሻ እንዳያንስ፤ ማንጎ በረከሰ ጊዜ ብርጭቆው ሁሉ ማንጎ ይሆናል፣ ደንበኛው ደግሞ በማንኪያ እየቆፈረ አቮካዶውን ይፈልጋል።

ስለ ትንሹ ያልሽውን ሳነብ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ባር ላይ ስሠራ የወይን ጠርሙስ ስሞች እንድናጠና ተደርገን ነበር። የሻምፓኝ ጠርሙስ መደበኛው 75 ሳንቲ ሊትር ነው። ከ3 ሊትር ጀምሮ ያሉት ትልልቆቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ስም ይጠራሉ። 3 ሊትሩ ኢዮርብዓም፣ 6 ሊትሩ ማቱሳላ፣ 9 ሊትሩ ስልምናሶር፣ 12 ሊትሩ ብልጣሶር፣ 15 ሊትሩ ናቡከደነፆር። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ ስሞቹን ለመያዝ አልተቸገርኩም፤ ኢዮርብዓምን በዚያ ቦታ ማግኘቴ ግን ገርሞኝ ነበር። ከመደበኛው በታች ያለውስ? በፈረንሳይኛ «ግማሽ»ና «ሩብ» ነው የሚባለው። ለትልቁ የነገሥታት ስም ሰጥተው ትንሹን ክፍልፋይ ብለው ተዉት። አንቺ ከታች መጀመርሽ ደስ ብሎኛል።

ታንኳ፦

እህቴ፣ ከአባቴ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ነን። ሽሮው የተባለው ይሁን። ዓሣው ላይ ግን ይህን ስም እንዳትጽፊ እለምንሻለሁ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሜኑ ላይ «እንጎቻ ዓሣ» የሚል ሙሉ ጥብስ በትንሽ ዋጋ ከወጣ ሰው ይወደዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልቃል። አንቺ ስልክ ደውለሽ «ትንንሾቹን አምጣልኝ» ትያለሽ። እኔ ባላመጣ ሌላው ያመጣል፤ ለዚያ ደግሞ ዓይኑ ጠባብ መረብ ይጥላል። ጠባብ መረብ የሚይዘው ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራባውን ቆሮሶ ነው። ነጭ ዓሣውማ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው ብዙ ነው። አባቴ ትንሽ ዓሣ መረቡ ውስጥ ሲያገኝ «ገና ልጅ ነው» ብሎ ይመልሰው ነበር። አሁን ያንን የሚመልስ እጅ እያነሰ ነው፤ የሚገዛው ሰው ስላለ።

ትንሽ ዓሣ መሸጥ ከፈለግሽ ከትልቁ ቆርጠሽ ሽጪ። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ኮተሌት፤ እነዚህ በጭልፋም በሚዛንም ይለካሉ። ሙሉ ጥብሱን ደግሞ በስም አትለኪው። ጥሬውን በትሪ አድርገሽ ጠረጴዛው ድረስ አምጪው፤ ሰውየው ዓይኑን ዓይኑን አይቶ «ይሄን» ይበልሽ። ዋጋውን ያኔውኑ ንገሪው።

ሜኑው ላይ ከመጠኑ ይልቅ ዓይነቱን ጻፊ። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። አምባዛ ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ሰው አለ። ጉላሽ ሆኖ ከቀረበ በኋላ «የምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖርሽ።

የሽምብጥ ጓዳ፦

ወንድሜ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዓሣውን ከሜኑው ላይ በእርሳስ ሰርዤዋለሁ። በትሪ የማሳየቱን ነገር እንዳልከው አደርጋለሁ። ዓሣ የሚያመጣልኝን ልጅም ትንንሹን እንደማልቀበለው ከአሁኑ እነግረዋለሁ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦

እኔ አሁን የምኖረው ሲያትል ነው፤ ስታርባክስ የሚባለው ቡና ቤት በ1971 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተጀመረበት ከተማ። ስታርባክስ ውስጥ የቡናው መጠን «ቶል»፣ «ግራንዴ»፣ «ቬንቲ» ነው የሚባለው። ቶል በእንግሊዝኛ ረጅም ማለት ነው፤ ከሦስቱ ግን ትንሹ እሱ ነው፣ 355 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ግራንዴ በጣሊያንኛ ትልቅ ነው፤ እዚህ መካከለኛው ሆኗል፣ 473 ገደማ። ቬንቲ በጣሊያንኛ ሃያ ነው፤ ትኩሱ 20 አውንስ ስለሚይዝ ነው፣ 591 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ትንሽ ማለትን ሸሽተው ትንሹን ረጅም አሉት ማለት ነው። ከእንጎቻ ጋር ሳወዳድረው እንጎቻ ይበልጥብኛል፤ ትንሽነቱን አይደብቅም፣ ግን አያሳፍርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእኛ ሰው ከተለያየ አገር ነው የሚመጣው። እንጎቻ ሲባል የማይገባው እንግዳ ይኖራል፣ የከተማ ልጅም ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከስሙ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ «ለአንድ ሰው፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ» ብለሽ ጻፊለት። ሳይጠይቅ ይወቅ።

እማዬ በጀበና ቡና አፍልታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትለን ሲኒው ያው ነበር። ትንሽ ትልቅ የሚባል ሲኒ አልነበረንም። ሳነባችሁ ናፈቀኝ።

የሽምብጥ ጓዳ፦

ይኸው ዛሬ ዓርብ ማታ ነው፤ ያደረኩትን ልንገራችሁ።

አስተናጋጅ የምትሆነኝን የአክስቴን ልጅ ከበር ላይ አቁሜ፣ መፍጫውን አስነሥቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ አስጠራኋት። «አንድ እንጎቻ!» ጥርት ብሎ ደረሰኝ። «አንድ መሶብ!» ትንሽ ታፈነ፤ «መሶብ አንድ!» ስትል ግን ተሰማ። ጋሼ፣ ጮክ ብለሽ ጥሪው ያሉኝ ትልቅ ነገር ነው።

ለመካከለኛው ስም አላወጣሁለትም። «ሽሮ» ብቻ ነው፤ ሁለት ጭልፋ፣ አንድ እንጀራ። መሶቡ አምስት ጭልፋ ነው፣ ከሦስት እስከ አራት ሰው ይበላዋል ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሁለት መሶብ ገዝቻለሁ። ከዚያ በላይ አቅሜ አልፈቀደም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሁለት መሶብ በላይ አልቀበልም፣ በትሪም አልተካውም።

እንጎቻው ላይ ግን ትንሽ ቆየሁ። ሽሮውን አንድ ጭልፋ በትንሿ ድስት ማውጣት ቀላል ነው። እንጀራው ነው ያሳሰበኝ። አንዱን እንጀራ ለሁለት ቀድጄ ባቀርብ ያው ግማሽ ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይሬ ልጁን ባላሳፍረውም ዓይኑ ያየዋል። እትዬ «ዙሪያዋ ሙሉ ነው» ያሉት ቃል ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ጠዋት እንጀራ ወደምታቀርብልኝ ሴት ሄድኩና እውነተኛ እንጎቻ ትጋግሪልኛለሽ ወይ አልኳት። መጀመሪያ ጊዜዬን ትፈጅብኛለሽ አለችኝ። ከዚያ ራሷ ሞከረች፤ በአንዱ ምጣድ ላይ ጎን ለጎን ሁለት አፈሰሰች። ሳይነካኩ ወጡ። ዓይናቸው አምሯል። ጠርዛቸው ትንሽ ስለሚደርቅ አክንባሎውን ፈጠን ብላ መክደን እንዳለባት ነገረችኝ። ለቀን ሃያ ተስማማን፤ ካነሰ እንጨምራለን።

ስለዚህ እንጎቻ ብሎ ያዘዘ ሰው አንድ ጭልፋ ሽሮ በራሷ ትንሽ ድስትና አንድ ሙሉ እንጎቻ እንጀራ ይመጣለታል። ምንም የተቆረሰ ነገር ሳህኑ ላይ የለም።

ጁሱን በውኃ ለካሁት። ብርጭቆው 300 ሚሊ ሊትር፣ ትልቁ 450። ጃምቦ የሚለውን ትቼ «ትልቅ ብርጭቆ» ብዬዋለሁ፤ ቁጥሩም አብሮ አለ። ነገ ጠዋት ለማተሚያ ቤቱ እሰጣለሁ።

ፔዳ፣ ሦስተኛ ዓመት፦

እህቴ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ያ ተነሥቶ የወጣው ልጅ እኔ አይደለሁም፤ እኔም ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አዝዤ አውቃለሁ። በጥቅምት ስትከፍቺ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪን፤ እንጎቻው ባይበቃን ጭማሪ እንጀራ ይከፈልበታል?

የሽምብጥ ጓዳ፦

አንዱ ጭማሪ አይከፈልበትም። እሱም እንጎቻ ነው የሚሆነው፤ ትኩሱን።